የሸምበቆ ጠመንጃ ምዝገባ

ባለፈው ወር ሱሉልታ ላይ አንድ ወጣት ጥቁር ጠመንጃ አቀበለኝ። ፕላስቲክ ነው፤ ክብደቱ ግን ካሰብኩት በላይ ነበር። ጥይቱ የአጋም ፍሬ የምታክል ድቡልቡል ነገር ናት፤ ውስጧ ቀለም ነው። አንዷን በሁለት ጣቶቼ መሃል ሳፈርጣት ወይን ጠጅ ፈሳሽ እጄ ላይ ወረደ። ወጣቱ ሶፍት ሰጠኝና በውሃ እንደሚለቅ ነገረኝ።

የሄድኩት ለሥራ ነበር። ወጣቱ በባሕር ዛፍ አጥርና በአሮጌ ጎማ የተከለለ ሜዳ አለው። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወጣቶች ጭምብል አጥልቀው፣ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በቀለም ይተኳኮሳሉ። በዚያ ሰሞን ፖሊሶች መጥተው ጠመንጃዎቹ ፈቃድ እንዳላቸው ጠይቀውት ነበር። ምን ብሎ እንደሚመልስ አላወቀም።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር መሣሪያ ነው መጫወቻ?» አለኝ። «አንድ ሰው ቁርጡን ይንገረኝና ልረፍ።»

ሦስት ቢሮ ደወልኩ። አንዱ ስፖርት ነው አለኝ፤ ሁለተኛው ዕቃው ወደ አገር ሲገባ የተሰጠውን ወረቀት ማየት አለብን አለ፤ ሦስተኛው ሰው ካስደነገጠ መሣሪያ ነው አለ። የጦር መሣሪያ አዋጁንም አነበብኩ። የቀለም ጠመንጃን በስሙ የጠራ ቦታ እኔ አላገኘሁም። ሦስቱንም መልስ እንዳለ አስቀምጬ ዜናውን ጻፍኩ። ዜናው እዚያ ላይ አለቀ። ከዚህ በታች ያለው ዜና አይደለም።

ልጅ ሆኜ የምንኖረው ቡራዩ ነበር፤ ከገፈርሳ ግድብ ብዙም ሳይርቅ። ዝናቡ ሲያባራ አጋሙ ይጠቁራል፤ ያኔ የእኛ ጦርነት ይጀመራል። ከውሃው ዳር ሸምበቆ ቆርጠን አንጓውን እናወጣና ክፍት ቱቦ እናደርገዋለን። ፊት አንድ አጋም ይወተፋል፤ ከኋላ ሌላ አጋም ተደርጎ በእንጨት ይገፋል። መሃል ያለው አየር መውጫ ሲያጣ የፊተኛው አጋም «ጧ» ብሎ ይሄዳል። የመታው ልብስ ላይ ሐምራዊ ቀለም ይቀራል። እናቶቻችን አመድም ሳሙናም ሞክረው አልለቅ ብሏቸዋል። እኔ ዛሬም አጋም ሳይ ቀድሞ የሚመጣብኝ የፍሬው ጣዕም ሳይሆን የባሕር ዛፍ ቅጠልና የረጠበ ሹራብ ሽታ ነው።

ሕግ ነበረን። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከደብተሬ መሃል በተገነጠለ ወረቀት ላይ። ፊት አይመታም። ከሦስት እርምጃ በቀረበ ሰው ላይ አይተኮስም። ቀለም የነካው ሞቷል፤ እስከ መቶ ቆጥሮ ይነሳል። ጥሬ አጋም የተኮሰ ጠመንጃው ይሰበራል። ይህ የመጨረሻው ዋናው ነበር፤ ጥሬ አጋም እንደ ጠጠር ነው፤ የመታው ቦታ ያብጣል። ሁለት ልጆች በዚህ አንቀጽ ጠመንጃቸው ተሰብሯል። አንዱ አልቅሷል፤ ግን አልተከራከረም።

የቅርብ ጓደኛዬ ዱጋሳ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ ሰባት። የእሱ ጠመንጃ ከሁላችንም ይለያል። ሸምበቆውን ከዋንዛ በተጠረበ ሰደፍ ላይ አስሮ፣ ማንገቻ ገመድ አበጅቶለት፣ ስሙን ምንሽር ብሎታል። የጠረበው አባቱ ያላቸውን አይቶ ነበር። አባቱ ኦቦ ዋቅጅራ ገበሬ ነበሩ፤ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ ምንሽር በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ቤታቸው ነበር። አንድ ጊዜ ሲወለውሉት እኔና ዱጋሳ በአጥሩ ቀዳዳ አይተናል። እኛ በሸምበቆ ስንተኳኮስ ኦቦ ዋቅጅራ ካዩን ሳይቆጡን አያልፉም ነበር። «ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል» ይሉ ነበር፤ የያዘውንና የተደገነበትን ማለታቸው ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በመጀመሪያው መኸር፣ ጤፍ ተወቅቶ ጎተራ በገባ ሰሞን፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና በሰፈራችን ዞረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገረ። የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ በሦስት ቀን ውስጥ ቀበሌ ቀርቦ ያስመዝግብ፤ ሳያስመዘግብ የተገኘበት ይወረሳል፤ በሕግ ይጠየቃል። አንዳንዱ አስመዘገበ። ኦቦ ዋቅጅራ ቀበሌ ሄደው ከጅራፍ ሌላ ምንም የለኝም ብለው ፈረሙ። ያን ማታ ምንሽሩን ጎተራው ውስጥ ሲቀብሩት እኔና ዱጋሳ በዚያው ቀዳዳ አየን። ዛሬ የተመዘገበ ነገ ይሰበሰባል የሚል ወሬ ነበር፤ ወሬውን ብዙ ሰው አምኖታል።

እኛ ጠመንጃችንን አንግበን ሱቁ በራፍ ላይ ስናልፍ ባለሱቁ ጋሽ ሙዘይን ጠሩን።

«እናንተስ አስመዘገባችሁ?» አሉ ስኳር እየሰፈሩ። «ነገ የመጨረሻ ቀን ነው። ጠመንጃ ይዛችሁ እንዲህ በአደባባይ!»

ቀልድ ነበር። እኛ ግን ሕግ ያለን ልጆች ነበርን፤ መወረስ ምን እንደሆነም እናውቃለን። ያን ቀን ማታ ሁላችንም ጠመንጃችንን አጠብን። በማግስቱ ጠዋት ስድስት ሆነን ቀበሌ ሄድን፤ በረንዳው ላይ ተሰለፍን።

መዝጋቢው ወጣት ነበር። ሥራ ስላልነበረበት ይሁን ልጅ ስለሚወድ፣ አላባረረንም። መዝገቡን ገልጦ ብዕሩን አነሳ። «ስም? የመሣሪያው ዓይነት? ስንት ጥይት አለህ?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቀን። የእኔን «ሸምበቆ፣ አርባ አጋም» ብሎ ጻፈ። በረንዳው ጫፍ ላይ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አጋድሞ የተቀመጠ ታጣቂም ይስቅ ነበር። ምዝገባው እውነት ስለመሰለኝ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

የዱጋሳ ተራ ደረሰ።

«ያንተስ ዓይነቱ?»

«ምንሽር።»

«እንዴ፣ ምንሽር! የት አይተህ ነው እንዲህ አሳምረህ የጠረብከው?»

ዱጋሳ ዝም አለ። ሰደፉን በአውራ ጣቱ ያሽ ነበር። እኔ ከጎኑ ቆሜያለሁ። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፤ ግን መልሱን አውቀዋለሁ።

«አባቱ አላቸው» አልኩ። «ጎተራው ውስጥ ነው፣ ጤፉ ሥር።»

ብዕሩ ቆመ። ታጣቂው መሳቁን ተወ። መዝጋቢው የዱጋሳን የአባት ስም እንደገና ጠየቀው፤ ዱጋሳም ተናገረ። ከዚያ ሂዱ ተባልን። ወደ ቤት ስንመለስ ሁላችንም ተመዝግበናል እያልን እንሮጥ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች እነዱጋሳ ቤት መጡ። ጎተራውን ገልብጠው ጤፉን ግቢው መሬት ላይ አፈሰሱት። ምንሽሩ ተገኘ። ኦቦ ዋቅጅራ ጋቢያቸውን ለበሱና ተከተሏቸው። ከአራቱ አንዱ በሩ ላይ ዞር ብሎ ለሚስታቸው፣ «እኛ ምን እናድርግ፣ ልጅሽ ነው የነገረን» አለ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ዱጋሳም ሰማ። አልካደም። ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቀበሌ ሄዷል፤ ተጠይቋል፤ የአባቱን ስም ተናግሯል። ትልልቅ ሰዎች አንተ ነህ ሲሉት አመነ።

በማግስቱ እናቴ ጤፍ ለቀማ እንዳግዝ ላከችኝ። ከዱጋሳ እናት ጎን ተቀምጬ ከሰፌድ ላይ ጠጠር ለቀምኩ። ጤፍ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። አራት ቀን ፈጀ። በአራቱም ቀን አንድ ቃል አልወጣኝም። እሳቸው እየደጋገሙ ይመርቁኝ ነበር። ዛሬ ሰው ምን ተሰማህ ቢለኝ የማስታውሰው የጣቶቼን ጫፍ መደንዘዝ ብቻ ነው።

ልጆቹ ለዱጋሳ ስም አወጡለት። «ምስክሩ መጣ፣ ጎተራችሁን ዝጉ» ይሉታል። እሱ አብሯቸው ለመሳቅ ይሞክራል። እኔ አልሳቅኩም፤ ዝም በሉም አላልኩም።

ኦቦ ዋቅጅራ በሃያ ሦስተኛው ቀን ተመለሱ፤ ከስተዋል፣ ያስላቸዋል። ዱጋሳ መምጣታቸውን ሲሰማ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ፈልገን ያመጣነው እኔና እናቱ ነን። አባቱ አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉት። «ልጅ ተጠይቆ እውነት ስለተናገረ አይቀጣም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር በዚህ ቤት አይነሳም።»

ዱጋሳ ጮሆ አለቀሰ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ይቅርታ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ አውቅ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል» አሉኝ። ገባሁ። ቆሎ ዘግነው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ከዚያ በኋላ አጋም ሲበስል ማንም ሸምበቆ ቆርጦ አልመጣም። የሱሉልታው ወጣት በር ላይ የተለጠፈ ደንብ አለው፤ አነበብኩት። ፊት መምታት ክልክል ነው፤ በቅርብ ርቀት መተኮስ ክልክል ነው፤ የተመታ ይወጣል። ከእኛው ብዙ አይለይም። ተጫዋቾቹ ይፈርማሉ፤ ጭምብል ይሰጣቸዋል። እቤት አባትህ ምን አለው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ይሄኛው ይሻላል።

ኦቦ ዋቅጅራ አምና አረፉ። ዱጋሳ አሁን ፉሪ ነው የሚኖረው፤ መምህር ነው። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «አባዬን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ፤ እስኪሞት አንድ ቀን አላነሳብኝም» አለኝ። «ልጅ ነበርክ» አልኩት። ሥራዬ ነውና ዓረፍተ ነገሬን መረመርኩት፤ ውሸት አልነበረበትም። በምሠራበት ጋዜጣ የሰው ስም በአንድ ፊደል ስንሳሳት በማግስቱ እርማት እናወጣለን።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት ደወልኩለት። የተማሪ ደብተር እያረምኩ ነው አለ። የሆነውን በተራ ነገርኩት፤ መዝጋቢው የጠየቀውን፣ እሱ ዝም ማለቱን፣ የተናገርኩትን ቃል። እንደ ዘገባ ነው የተናገርኩት፤ ሌላ ዓይነት አነጋገር አልመጣልኝም። የብዕሩን ክዳን ሲዘጋ ሰማሁ።

«ታዲያ አባዬ ይቅር ያለው ማንን ነው?» አለ በመጨረሻ።

መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ።

«ተወው ወንድሜ። እኔ ነኝ የተናገርኩት። እጁ እኔ ራስ ላይ ነው የነበረው፤ እሱን ልትወስድብኝ ነው?»

ከዚያ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ደህና ናቸው አልኩት። ስልኩን ዘጋን። ያኔ መዝጋቢው የጠየቀው ዱጋሳን ነበር፤ የመለስኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም፤ የመለስኩት እኔው ነኝ።