ባናዬን የረገጥኩበት ገንዳ

ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ነው የምሠራው። እመቤቴ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ ለሱ ብለው ነው ያንን ከጎንና ከጎኑ አየርና ውሃ የሚተፋ፣ ጃኩዚ የሚሉትን የመታጠቢያ ገንዳ ያስተከሉት።

ያን ሰሞን አዲስ አበባ ሄዱ። ጫጫ ያገባችው ልጄ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥታ ልትወልድ ነው። አራስ ሆና የምትለብሰው ያው ከእናቴ የወረስኩት ባና ነው፤ ጥቁር የመንዝ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቆሽሿል። ባና በእጅ አይሆንም፤ በእንዶድ ነክሮ በእግር መርገጥ ነው። ወንዝ እንዳልወርድ ብርዱ አያስቆምም። ገንዳው ሙቅ ውሃ አለው። ባናዬን ይዤ ገባሁበት። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈውን አላውቅም፣ ትምህርቴ ሦስተኛ ላይ ቀርቷል፤ ትልቁን ጫንኩት። እውነቱን ልናገር፣ አረፋው ጉልበቴ ሲደርስ ብቻዬን ሳቅሁ።

እመቤቴ ተመልሰው ሲገቡበት ውሃው ትንፋሽ አጥሮታል።

"ምን ሆነ ይሄ? የሚፈላ ሻይ እንኳ ከዚህ ይሻላል!"

"እንጃ፣ እትዬ" አልኩ።

ባለፈው ወር ቧንቧውን የጠገነው ሰውዬ ተጠራ። ውሃው ከቀዳዳዎቹ በላይ መሙላቱን አየ፤ የአየሩን ማስተካከያ አዟዟረ፤ ለውጥ የለም። እኔ ባትሪ ይዤ አበራለታለሁ።

"ቀድሞም አንተ ነህ ያበላሸኸው" አሉት እመቤቴ። "እጅህ ለእርሻ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።"

ሰውዬው ሞተሩ ውሃ የሚስብበትን ወንፊት ፈታ። ጥቁር ነገር ጎትቶ አወጣ።

"አይጥ!" ብለው ጮኹ።

"በግ ነው እንጂ፣ እትዬ። እዚህ ቤት በግ ታጥባላችሁ እንዴ?" አለ እየሳቀ። አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። የመንዝ ሰው ነው፤ እንዶድ የነካውን ሱፍ ያውቃል። ሳቁን ዋጠና "በመስመሩ ይመጣል እንዲህ ያለ ነገር" አለ።

"በመስመር በግ? ታሞኘኛለህ? ውጣ! ሁለተኛ እግርህ እዚህ እንዳይደርስ!"

ልጄን አርሳታለሁ ያልኩባት ክፍል እሳቸው ግቢ ውስጥ ናት። ሰውዬው መፍቻዎቹን አንድ በአንድ እስኪከት ባትሪውን አበራሁለት። በሩ ጋ ሲደርስ ነው አፌ የተከፈተው።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ። ባናዬን አጥቤበት ነው። በእግሬ።"

እግሬን አዩ። ከዚያ ገንዳውን።

"እኔ የምተኛበት?" አሉ ቀስ ብለው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አላባረሩኝም። ሰውዬውን መልሰው ጠሩት፤ እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ ቀዳዳዎቹን በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁ። ውሃው እንደ ድሮው ተፋ። ልጄም መጥታ በሰላም ተገላገለች።

ከዚያ ወዲህ እመቤቴ ከመግባታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ውሃውን ያሸቱታል። ያኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።

ሰውዬው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ "በጓስ ደረቀች፣ እህቴ?" ይለኛል። እስቃለሁ፤ ዓይኑን ግን አላየውም። በእኔ ጥፋት ተባርሮ ዕቃውን ሲሰበስብ እኮ ባትሪውን አበራለት ነበር።