የተቆለፈው መጽሐፍ መጨረሻ

አጎቴ ያን ቀን ለእናቴ የነገራት መጨረሻ የመጽሐፉ ነበር ወይስ የራሱ? እናቴ ዛሬ በራሷ ዓይን ታነባለች፤ ግን መጽሐፉን ፈልጋ አታውቅም። እኔም አልፈለግሁትም።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዳቦ ቤት ሲያቦካና ሲጋግር አድሮ ጠዋት ፀጉሩ ዱቄት እንደለበሰ ይመጣል። ልብ ወለድ አይወድም፤ የሌለ ሰው ሞተ ብሎ ማዘን ምን ይሉታል እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

እናቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሁለቱም ዓይኖቿ በፋሻ ሲታሰሩ ግን፣ ከቤተ መጻሕፍት በስልኩ ልብ ወለድ የተዋሰላት እሱ ነው። ፋሻው ተፈቶ ባላይስ የሚለው ጭንቀት እንቅልፍ ነስቷት ነበር።

መጽሐፉ ከተዋሰው ስልክ እንዳይወጣ የተቆለፈ ነው። ወደ እኔ ስልክ ልገለብጠው ብል እምቢ አለ፤ የቤተ መጻሕፍቱ መተግበሪያም የእኔን አሮጌ ስልክ አልቀበልም አለ። ስልኩ ራሱ ጮክ ብሎ እንዳያነበውም ተከልክሏል። ስለዚህ አጎቴ በየጠዋቱ ከሥራ እንደተመለሰ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ያነብላት ጀመር። ስልኩን ሰጥቶኝ እንዲተኛ ብለምነው፣ አንተ ስታነብ የሚያባርሩህ ይመስላል አለኝ።

ፋሻው ሊፈታ አንድ ቀን ሲቀረው የውሰቱ ጊዜ ደረሰ። እኩለ ቀን ላይ መጽሐፉ ራሱን ይዘጋል፤ ተራ የሚጠብቁ ስላሉ ማራዘም አልተቻለም። እናቴ ደግሞ መጨረሻውን ሳልሰማ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

አጎቴ ዓይኑ ደም መስሎ አነበበ። የልብ ወለዱ ባለታሪክ፣ የጠፋው መርከበኛ፣ የእናቱ ደጅ ላይ ሲደርስ ጽሑፉ እልም አለ። ስልኩ ላይ የቀረው የውሰት ጊዜዎ አብቅቷል የሚል መስመር ብቻ ነው። ሁለታችንም አየነው።

አጎቴ ድምፁ እንኳ ሳይለወጥ ቀጠለ። መርከበኛው አንኳኳ። እናቱ በኮቴው ለየችው። አስገብታ አስቀመጠችው፤ ሊጡ ኩፍ እስኪል ሲጫወቱ ቆዩ፤ ከዚያ ትኩሱን ዳቦ ቆርሳ አጎረሰችው።

"አንተ፣ ይሄ ደራሲ መጨረሻ ላይ ዳቦ ጋጋሪ ሆነ እንዴ?" አለች እናቴ።

"ምን ላድርግ እትዬ፣ እንደዚያ ይላል" አላት፣ የጠቆረውን ስልክ እያየ።

እናቴ ከፋሻው ሥር ፈገግ አለች። "እጅህ ይባረክ። እንግዲህ ነገ ይፍቱት።"

ከእናቴ ክፍል ስንወጣ በር ላይ ይዤ መጨረሻውን ከየት እንዳመጣው ጠየቅሁት። ይዘጋል ብሎ ስለሰጋ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሌሊት ሥራ ላይ ቀድሞ እንዳነበበው ነገረኝ። ሲናገር ግን ጆሮውን ያክ ነበር፤ ሲዋሽ እንደዚያ ያደርጋል። ደግሜ አልጠየቅሁትም። ብርድ ልብስ አመጣሁለት።

ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተጋደመ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።