ሁለት መቶ አሥራ አራት ሃሌ ሉያ

አሰለፈች አስማማው ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት፤ ሰው የሚያውቃት ግን በቁጣዋ ነው። ቁጡ ሆና አልተፈጠረችም፤ የሚያስቆጣት ነገር በዛ እንጂ። ስድስት ዓመት ዓረብ አገር የሰው ቤት ወለል ስትወለውል አንድ ቀን አልጮኸችም። ተመልሳ ኮምፒውተር ከተማረች፣ ይሄም የዜማ ሥራ ከመጣ ወዲህ ግን፣ ጎረቤቱ ሁሉ "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?" እየተባባለ ይስቃል። ይሳቅ! የደረሰባትን እኔ ልንገራችሁ።

በየደብሩ ያሉ የመሪጌቶች ዜማ በስልክ ተቀድቶ አንድ ቦታ ይቀመጥ ተባለ፤ ወደፊት ተማሪ ከዚያ እየሰማ እንዲማር። መልካም ሐሳብ ነው፤ ማን ይጠላል? ሺህ አራት መቶ ያህል ድምፅ ተሰበሰበ። አሰለፈች ደግሞ እያንዳንዱን እየሰማች ምን እንደሆነና ማን እንዳዜመው ሰንጠረዥ ላይ ልትሞላ ተቀጠረች። ከሷ የተሻለም አይገኝ። አባቷ መሪጌታ አስማማው ቤተልሔም ገዳም ሄደው በድጓ ያስመሰከሩ መምህር ነበሩ፤ እሷም ያደገችው ከተማሪዎቻቸው ጎጆ አጠገብ ነው። ሴት ናትና ማንም ቁጭ ብለሽ ተማሪ አላላትም፤ ጆሮዋን ግን ማን ይከለክላታል? ሦስቱን የዜማ ስልት፣ ግዕዙን ከዕዝሉ፣ ዕዝሉን ከዓራራዩ፣ ወጥ እያማሰለች ትለየዋለች።

ሰንጠረዡን ገና ስትከፍተው ደሟ ፈላ። "የዘፋኝ ስም" ይላል። ዘፋኝ! መሪጌታን ዘፋኝ! ከሥሩ "አልበም" ይላል። ከዚያ ደግሞ "የሙዚቃ ዓይነት" ብሎ ፖፕ፣ ሮክ፣ ዳንስ እያለ ይዘረዝራል፤ አንዱን ካልመረጡለት ወደፊት አያሳልፍም። ባሕር ዳር ሆኖ ሥራውን ለሚመራው ባለሙያ፣ ለሙሉቀን፣ ደወለችለት።

"እርስዎ፣ ይሄ ፎርም ለኛ ነው የተሠራው?"

"ዝም ብለሽ 'ሌላ' የሚለውን ምረጪ፣ አሰለፈች" አላት።

ሌላ! አባቷ በልጅነታቸው ኮቸሮ እየለመኑ፣ ውሻ እየነከሳቸው የተማሩት ሁሉ "ሌላ" ተባለ። ጥርሷን ነክሳ ሞላችው።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። እየዞሩ የቀዱት ሰዎች ለድምፁ ርእስ ሲሰጡ መጀመሪያ የሰሙትን ቃል ነው የጻፉት። የድጓ ዜማ ደግሞ ስንቱ ነው በሃሌ ሉያ የሚጀምረው! የልደቱም ሃሌ ሉያ፣ የጥምቀቱም ሃሌ ሉያ፣ የትንሣኤውም ሃሌ ሉያ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ ሃሌ ሉያ ተብሎ ቁጭ አለ።

ስሙስ ቢሆን? የድጓ ሰው ዜማውን ከማን እንደተማረ ይናገራል እንጂ ስሜን ጻፉልኝ አይልም፤ ነውር ነው። እነዚህ መሪጌቶች ደግሞ ሁሉም ከአንድ ወንበር ነው የወጡት፤ ነፍሳቸውን ይማርና ከየኔታ ሞገስ። "የመምህሬን ስም ጻፉ፤ እኔ ምን አለኝ?" አሉ ሁሉም። እንዳሉትም ተጻፈ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱም ርእሳቸው ሃሌ ሉያ፣ ባለቤታቸው የኔታ ሞገስ።

አሰለፈች ነገሩ እንደማያምር ገብቷታል። "በሞቴ፣ ሁሉንም ሰምቼ እስካስተካክለው እንዳይነኩት" ብላ ለሙሉቀን ጻፈችለት። እሱ ግን ሪፖርት ደርሶበታል። ሰኞ ጠዋት ሰንጠረዡን ስትከፍት የቀረው ሃሌ ሉያ አንድ ብቻ ነው።

ደወለች።

"ድግግሞሹን አጠፋሁልሽ" አላት፣ ልታመሰግነው የደወለች መስሎት። "አንድ ሰው አንድ ዜማ ሁለት መቶ ጊዜ! ማሽኑ ጥራቱ የተሻለውን አስቀርቶ ሌላውን ጣለው።"

"እርስዎ ሰምተውታል?"

"ምኑን?"

"አንዱን እንኳ ሰምተውታል ወይ ነው የምልዎ! የኔታ ሞገስ ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው ነው። በምን ስልክ ተቀዱ?"

"ማሽኑ እኮ ነው የሚሠራው፤ እኔ ለምን እሰማለሁ?"

"እግዜር ይይልህ!" አለች፤ እርስዎ ማለቷም እዚያው ላይ ቀረ። "ከጣልከው ውስጥ አባቴ አሉ፣ ሰማህ? አባቴ!"

እውነቷን ነው። መሪጌታ አስማማው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቀዱት፤ በሞቱበት ዓመት ክረምቱን፣ ደጃፍ ላይ አጎዛ አንጥፈው ሲያዜሙ፣ በሷ ስልክ። መሐል ላይ ሳል ይይዛቸዋል። አንዲት ዶሮ ትጠጋቸውና "ወዲያ!" ይሏታል። ከዚያ ዜማውን ካቋረጡበት አይቀጥሉም፤ ከመነሻው ጀምረው ያነሡታል። ሲጨርሱ ስልኩን አዩና "ስሜን እንዳታስገቢ" አሏት። "ዜማው የየኔታ ነው፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ።" እሷም ቃላቸውን አክብራ የኔታ ሞገስ ብላ መዘገበቻቸው። አያችሁ? መታዘዟ ነው አባቷን ያስበላባት። ያ ማሽን ጥራት የለውም ብሎ የጣለው ያንን ሳል ነው።

ሙሉቀን ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ሰንጠረዡ እንደሚቆለፍ ነገራት። እስከዚያ መመለስ ከቻለች ትመልስ፤ ርእሱም ስሙም አሁንም አንድ ከሆነ፣ ወይም የኔታ ሞገስ ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ግን ማሽኑ መልሶ ይበላዋል። ደግነቱ ድምፁ የመጣባቸውን ሚሞሪዎች "አጥፊያቸው" ሲላት እሺ ብላ አላጠፋችም ነበር። ሁሉም በወተት ጣሳ ውስጥ አሉ።

ሱቋን ዘጋች። ሃሌ ሉያዎቹን አንድ በአንድ እየሰማች የበዓሉንና የዜማውን ስም ጻፈች። ለመሪጌቶቹ እየደወለች ስማቸውን ለመነች፤ አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ስልኩን ዘጋባት፣ መልሳ ደወለች። መሪጌታ ባዩ ስልክ ስለሌላቸው ረቡዕ ሚኒባስ ተሳፍራ ገሳይ ድረስ ሄደች።

"ከመምህሬ ልታስተካክይኝ ነው እንዴ፣ ልጄ?" አሏት።

"አንቱ ካልተጻፉ የኔታም ይጠፋሉ" አለቻቸው። "ጠፍተውም ነበር።"

"እንግዲያው ኃጥኡ ባዩ ብለሽ ጻፊ" አሉ በመጨረሻ። ባዩን ጻፈች፤ ኃጥኡን ተወችው።

ዓርብ ረፋድ ላይ የአባቷ ብቻ ቀረ። እሳቸው ያዜሙት መሪጌታ ባዩ ካዜሙት ጋር አንድ ነው፣ የዚያው በዓል ዕዝል፤ በርእስ አይለይም። በስም ብቻ ነው የሚለየው። በሕይወት ያለውን መሪጌታ ለምና አሳምናለች፤ የሞተውን በምን ትለምነዋለች? አስማማው ብላ ጻፈች። አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ አጠፋችው።

"አባዬ፣ አንቱም አበዙት!" አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። "ሰው ልጁን ስሜን ቅበሪልኝ ይላል? እዚያ ዓረብ አገር የኔን ስም ማንም አልጠየቀኝም፤ አንቺ፣ ነይ፣ ሂጂ ነበር። ስም ማጣት ምን እንደሆነ እኔን ይጠይቁኝ!" እንባዋ መጣ፤ እሱም አናደዳት። ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈተችው።

እናቷ ወይዘሮ አበበች ምሳዋን ይዘውላት ሲገቡ የአባቷ ሳል ላይ ደረሱ። ሰሀኑን እንደያዙ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

"ውይ!" አሉ። "የአሰለፈች አባት!"

አሰለፈች ዞር ብላ አየቻቸው። እናቷ ባላቸውን አንድም ቀን በስማቸው ጠርተው አያውቁም፤ የባል ስም አይጠራም። እሷ ከተወለደች ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ አስማማው የሚባል ሰው አልነበረም።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና ጻፈች፦ የአሰለፈች አባት፣ ከየኔታ ሞገስ ወንበር። ማሽኑ ተቀበለው።

ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሙሉቀን ደወለ።

"አሰለፈች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ የሰው ስም ነው የሚጻፈው። ይሄ ምንድን ነው?"

"ስም ነው" አለችው። "ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር።"