በአበባ የፈላው ሞተር

ባለፈው እሁድ የእህቴ ልጅ ሲያገባ ለሙሽሮቹ የቀረበችው መኪና በኤሌክትሪክ የምትሄድ አዲስ ነበረች። እኔ ግን ገና ሳያት ወደ ፊቷ ሄጄ የታሰረባትን አበባ ገለጥ ገለጥ አደረግሁ። ሙሽራው ከት ብሎ ሳቀ። «እትዬ፣ ይቺ እኮ አትፈላም!» እሱ ምን ያድርግ፣ የእኔን ሰርግ አላየ።

ያደግሁት የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ነው። አባዬ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ስለነበር ከቤታችን የግራሶ ሽታ ጠፍቶ አያውቅም። እጮኛዬ ኤፍሬም ለሰርጋችን የአጎቱን መኪና እንዳገኘ ሲነግረን ከእኔ ይልቅ የፈነጠዘው አባዬ ነበር። ጥቁር፣ ረጅም፣ ኮፈኑ ሥር ስምንት ሲሊንደር፣ አምስት ሺህ ሲሲ! አጎትየው ጋሼ ዘለቀ ግን ልባቸው አላረፈም።

«ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይ ክዳን፣ አሉሚኒየም ነው» አሉ። «አንዴ ከፈላ ይጣመማል። ከተጣመመ ደግሞ እዚህ አገር አይገኝም።»

አባዬ ደረቱን መታ። «እኔ እያለሁ? የሶማሌ ተራ ልጅ በሰርጓ ቀን መንገድ ላይ አትቆምም!»

በዋዜማው መኪናዋ ሱቃችን በር ላይ ቆመች። ጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ትቶ መጣ፤ እኛ ሰፈር ሙሽራ የሚሞሸረው እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ሞተር ዘይት ያንጠባጥባል፣ የውሃ ፓምፑ ይደክማል፣ የፕላስቲክ ቱቦዎቹ በሙቀት ይሰነጠቃሉ። ሁሉም ከየሱቃቸው እያመጡ ፓምፑንም፣ ቱቦውንም፣ ዘይት እንዳያፈስ የሚያግደውን ጓርኒሲዮንም ቀየሩ። ሲጨርሱ አባዬ በገዛ እጁ የመኪናዋን ፊት ከመብራት እስከ መብራት በነጭ ጽጌረዳ ሸፈነው።

በማግስቱ የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል። ከጋሪውና ከተሸካሚው ጋር እየተጋፋን፣ ጡሩምባ እያስነፋን በእርምጃ ተጓዝን። አብነት ሰፈር ስንደርስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀዩ ወጣ። መሪውን ለማንም አልሰጥም ብለው ራሳቸው የሚነዱት ጋሼ ዘለቀ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አለቀ! ቴስታታዬ!»

«ጋሼ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት» አልኩ ከነቬሎዬ።

«በዚህ ፀሐይ?»

«ሙቀቱን ከሞተሩ ወደ እኛ ይስበዋል። ይክፈቱት!»

ከፈቱት። ሜካፔ ቀልጦ አንገቴ ላይ ወረደ፣ ኤፍሬም ከነከረባቱ እንደ ድፎ ዳቦ በሰለ። ቀስቱ ባለበት ቆመ እንጂ አልወረደም። መኪናዋን ዳር አስያዟት። አባዬ ከኋላችን ካለው መኪና ወርዶ እየሮጠ መጣ። «ፓምፑ አዲስ ነው! ቱቦው አዲስ ነው!» ይላል፣ ሊያለቅስ ደርሷል። አንጀቴን በላው። አየር ፍለጋ በመስኮት አንገቴን ሳወጣ ያ ሁሉ ጽጌረዳ ታየኝ።

«አባዬ፣ አበባው! ራዲያተሩን እኮ አፍነኸዋል!»

ያ ሁሉ አዋቂ ሞተሩን ሲበረብር ፊት ለፊቱን ያየ የለም። አባዬ ግንባሩን መታ፤ ከዚያ መንገዱ መሀል ሆዱን ይዞ ሳቀ። በእጁ ያሰረውን በእጁ እየነቀለ ለአላፊ አግዳሚው ያድል ጀመር። ተሸካሚዎቹ ጆሯቸው ላይ ሰኩት፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ ቀስቱም ቀስ እያለ ወረደ። ጋሼ ዘለቀ መሪውን ስመው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» ብለው በአባዬ ላይ ቀለዱ። አባዬ ግድም አልሰጠው። አንዷን ጽጌረዳ ጆሮው ላይ ሰክቶ እስከ አዳራሹ ገባ፣ ጨፈረም።

እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። አባዬ ዛሬ የለም። እሁድ ዕለት የእህቴ ልጅ እየሳቀብኝ ከዚያች ከማትፈላው መኪና አንዲት ነጭ ጽጌረዳ ነቅዬ ጆሮዬ ላይ ሰካሁ። ኤፍሬም፣ ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ሸብቶ፣ ጠጋ አለኝ።

«ማሞቂያውን ልክፈተው?»