በናዝሬት ሙቀት ኮት የለበሱት ጋሼ ታደለ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ታደለ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፉ። ዜናው ለብዙዎቻችሁ የደረሳችሁ ከቀብሩ በኋላ ነው። ሞጆና ዝዋይ ያላችሁ፣ በባቡሩ መስመር እስከ ድሬዳዋ ያላችሁ ወዳጆቻቸው «ምን አገኛቸው? ባለፈው ሳምንት እኮ ደህና ነበሩ» እያላችሁ ጠይቃችሁኛል። እኔም «ወባ ነው» ብቻ እያልኩ አልፌያለሁ። ዛሬ፣ በአርባቸው፣ ይህን የምጽፈው ያኔ ሳልነግራችሁ ያለፍኩትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ሰው ነኝ። ጽሑፍ አልለመድኩም፤ ቃል ሲያጥረኝ ታገሡኝ።

እሑድ ምሳ ላይ አብረን ነበርን። እንደ ሌላው እሑድ ሁሉ የሆነ እሑድ ነበር። እኔ የምሠራው ወንጂ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ እየመጣሁ እሑድን ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር እውላለሁ። አባትና እናታችን ቀድመው ስለሞቱ ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው። በዚያ እሑድ የሥራ ጓደኛዬን ቶሎሳን ይዤ መጣሁ። ቶሎሳ የወለንጪቲ ገበሬ ልጅ ነው። ያለችው አንዲት ሸሚዝ ከጀርባዋ ተቀድዳ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍታለች። ቤት ስንደርስ እኔን አስቀድሞ፣ ጀርባውን ወደ ግድግዳው እያስጠጋ ገባ።

ጋሼ ታደለ ጨበጡት፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ አባቱ ጤና ጠየቁት። ከዚያ ከበሩ ኋላ ካለው ምስማር ሰማያዊ ኮታቸውን አንሥተው ለበሱ። «በዚህ በኩል ነፋስ አለ» አሉና ሁለተኛውን ኮት ለቶሎሳ አቀበሉት። በግንቦት ወር፣ በናዝሬት፣ በእኩለ ቀን! የጎረቤት ዶሮዎች እንኳ ጥላ ፍለጋ የኛ አልጋ ሥር ገብተው ነበር። እኔና እትዬ አስካለ ተያይተን ፈገግ አልን። ነገሩን እናውቀው ነበራ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ጋሼ ታደለ በወጣትነታቸው ከምጽዋ ተሳፍረው፣ በግሪኮች መርከብ ላይ የምግብ አዳራሽ አሳላፊ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። መርከቡ ባለጠጎች ለሽርሽር ብቻ የሚሳፈሩበት ነበር። እትዬ አስካለ ይህ ነገር አልገባ ብሏቸው ስንት ጊዜ ጠይቀዋል።

«ታዲያ የት ነው የሚሄዱት?»

«የትም። ዞረው ዞረው ከተነሡበት ይወርዳሉ።»

«እራት ለመብላት ባሕር ያቋርጣሉ በለኛ!»

«ያውም ኮት ለብሰው።»

በዚያ መርከብ ላይ ሲመሽ ኮትና ከረባት ያላደረገ ወንድ ወደ ምግብ አዳራሹ አይገባም። ቁምጣና ነጠላ ጫማማ አይታሰብም። ግን ሕጉን ሳያውቅ የሚመጣ፣ ወይም ኮት የሌለው መንገደኛ አይጠፋም። የአዳራሹ ሹም የነበሩት ሽማግሌ ግሪካዊ ለዚህ ብለው ከበሩ ኋላ ኮቶች ሰቅለው ነበር። ሰውየውን አይመልሱትም፤ ሕጉንም አያነቡለትም። ኮቱን እንደ ራሱ ኮት አድርገው ያለብሱትና ወንበሩን ይስቡለታል። ጋሼ ታደለ ከባሕር ይዘውት የመጡት ሀብት ይህ ነበር። «ሰው በልብሱ ምክንያት ከማዕድ ከተመለሰ፣ የተዋረደው ማዕዱ ነው» ይሉ ነበር።

ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል የአዳራሽ ኃላፊ ሲሆኑም ኮቶቹን ሰቀሉ፤ እዚያም ማንም የማያከብረው የኮት ሕግ በሩ ላይ ተጽፎ ነበር። አንድ ነገር ግን ከራሳቸው ጨመሩ። ናዝሬት ሙቀት ነው፤ ኮት የሚለብስ ሰው የለም። አንዱን ብቻ ቢያለብሱት ሰው ሁሉ «ይኼ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ያየዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ራሳቸው ይለብሱ ነበር። ዘይት የነካው ሹፌር፣ ልብሱ ያለቀበት ገበሬ፣ በባቡር አቧራ የጠቆረ ተማሪ ሲገባ፣ ጋሼ ታደለ ኮት ለብሰው «ማራገቢያው ሥር ይበርዳል» እያሉ ሌላውን ይዘው ይቀርባሉ። ላባቸው በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ!

ከአብዮቱ በኋላ ሆቴሉ የመንግሥት ሆነ። በሠራተኛው ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ካድሬ ተነሥቶ «ጓዶች፣ ኮት ያልለበሰ አይገባም ማለት ሠርቶ አደሩን መናቅ ነው» አለ።

ጋሼ ታደለ «ልክ ነው ጓድ፤ ሕጉ ይነሣ» አሉ። «ኮቶቹ ግን ምን አጠፉ? ይቀመጡ።»

«ምን ሊሠሩ? ናዝሬት ላይ ማን በረደው?»

«ማራገቢያው ሥር ይበርዳል።»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። ብዙ ሳይቆይ ያው ካድሬ ከአዲስ አበባ የመጡ አለቆቹን ይዞ ሲጋብዝ፣ ቀይ ወጡ ከደረቱ እስከ ሆዱ በካኪው ላይ ፈሰሰበት። ጋሼ ታደለ ኮት ለብሰው፣ ሌላ ኮት ይዘው ከጎኑ ቆሙ። «ጓድ፣ ማራገቢያው ሥር ነህ» አሉት። ካድሬው ቀና ብሎ አያቸውና «አዎ… ይበርዳል» አለ። ከዚያ ወዲህ ኮቶቹን የነካ የለም።

በቤታቸውም ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ ባለቤት ከእንግዳው በፊት እጁን ከማዕድ አይሰበስብም፤ አይነሣምም። መርከቡ ላይም አንድ ሰው እየበላ የሌላው ሳህን አይነሣም ነበር። «ይኼኛውን እንኳ ግሪኮቹ ከእናቴ ነው የሰረቁት» እያሉ ይስቁ ነበር። ሁለተኛው፣ «ማዕድ ላይ በሽታ አይወራም፤ የሰው ሆድ ይዘጋል» የሚለው ነው። እኔ በእነዚህ ሕጎች አደግሁ። ጥሩ ሕጎች ናቸው። እሑድ ዕለት ግን…

እሑድ ዕለት ጋሼ ታደለ ኮቱን የለበሱት በርዷቸው ነበር።

ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ማንኪያቸው ከሳህኑ ጋር እየተጋጨ ይንቀጫቀጭ ነበር። ኮቱን እስከ አንገታቸው ቆልፈውታል። ሌላ ጊዜ ለሰው ብለው ሲለብሱት ቁልፉን አይነኩትም። ጉርሻ እያነሡ መልሰው ያስቀምጡ ነበር። ይህን ሁሉ አየሁ፤ አየሁና ለቶሎሳ ብለው ነው አልኩ። እንዲያውም ጨዋታውን አሳመሩት ብዬ በልቤ አደነቅሁ። ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ሲይዙት ደግሞ፣ ሕጋቸውን ሲያፈርሱ የያዝኳቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ መርከቡ ላይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይያዛል እንዴ?» አልኳቸው።

«ባሕሩ ሲናወጥ ይያዛል» አሉኝ።

ሳቅን። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ።

ቶሎሳ በሰው ቤት ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው። እሱ ሲያቆም እኔ አጎርሰዋለሁ፤ «ብላ እንጂ፣ አገዳ ቆረጣ ነገ አለ!» እያልኩ። ማዕዱ ሊነሣ ሲል «ጋሼ፣ ያቺን የመርከቧን ይንገሩን፤ ቶሎሳ አልሰማትም» አልኩ። እትዬ አስካለ «ተዋቸው አንተ፣ ዛሬ ደከም ብሏቸዋል» አሉ። ጋሼ ታደለ ግን በእጃቸው ከለከሏቸው። እንግዳ ፊት ነዋ። ታሪኩን አጫወቱን። ካለቀ በኋላ «ሌላ ልጨምር?» ብለው ጠየቁ። እኔ ነኝ «ይጨምሩ» ያልኩት።

ሲመሻሽ ቶሎሳን እስከ ውጪው በር ሸኙት። «ኮቱን ስትመለስ ታመጣዋለህ» አሉት። ተመልሰው አልጋቸው ላይ ሲጋደሙ እትዬ አስካለ ግንባራቸውን ዳሰው ጮኹ። መኪና ፍለጋ ሮጬ ባዶ እጄን ስመለስ ሰዓት እላፊው ደረሰብን፤ ከቤት መውጣት አልተቻለም። ሰኞ ማለዳ ሐኪም ዘንድ ስናደርሳቸው ሰው አይለዩም ነበር። ምሳ ላይ ብጠይቃቸው ኖሮ ቀኑ ገና ብርሃን ነበር፤ በጋሪ እንኳ እንደርስ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደግሞ እኔን ሊጠይቁ ወንጂ መጥተው አድረዋል። ወባው የያዛቸው እዚያ ይሆን? ይህንንም አላውቅም። ሌሊት ሌሊት የማስበው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ያምዎታል?» ማለት እንዴት አቃተኝ?

የቀረው ለእናንተ የሚነገር አይደለም፤ ለእሳቸው ልንገራቸው።

ጋሼ፣ በተቀበሩ ማግስት ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ነበርን። የእድሩ ሴቶች እዝን አምጥተው ለለቅሶ የመጣው ሰው እየበላ ነው። ቶሎሳ አባቱን ይዞ ከወለንጪቲ ደረሰ። ኮትዎን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ነበር። «ያን ቀን የለበሱት ለእኔ ብለው መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝና አለቀሰ። «ለአንተም ነበር» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ጤነኛም ቢሆኑ ይለብሱት ነበር።

አባቱ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ፀሐዩ ሸራውን አግሎት ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ ፊቱን ያራግባል። ሽማግሌው ግን ጋቢውን ጨብጠው እንደያዙ ናቸው። ደነገጥኩ፣ ጋሼ። ሁለተኛ አያመልጠኝም አልኩ። ማዕድ ላይ መሆናችንን ረሳሁ። ሄጄ እጄን ግንባራቸው ላይ አደረግሁና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «አባባ፣ ያምዎታል እንዴ? ብርድ ብርድ ይልዎታል?» አልኳቸው።

ግንባራቸው ደህና ነበር። በኦሮምኛ ለልጃቸው አንድ ነገር አሉት፤ ቶሎሳ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ራሳቸው በአማርኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። «ከማሳ ነው ተነሥቼ የመጣሁ። ልብሴ ለሰው ፊት አይሆንም፤ እሱን ልሸፍን ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ጋቢያቸው ዞረ። እሑድ መጠየቅ ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ረቡዕ ዝም ማለት ሲገባኝ ጠየቅሁ። አሳድገውኝ፣ ከሁለቱ አንዱን እንኳ በጊዜው አላደረግሁም።

ወደ ቤት ገባሁ። ሰማያዊው ኮትዎ ከበሩ ኋላ ምስማሩ ላይ ነበር፤ እትዬ አስካለ መልሰው ሰቅለውታል። ለመንካት ፈራሁ። ኪሱ ውስጥ መሐረብዎ አለ። ለበስኩት። እጅጌው ረዘመብኝ። ከዚያ ከቶሎሳ ጋዜጣውን ተቀብዬ ፈታሁና ኮቱን ይዤ በሽማግሌው ፊት ቆምኩ።

«አባባ፣ ጋቢው ይከብድዎታል። በዚህ በኩል ነፋስ አለ» አልኳቸው።

ኮቴን አዩ። ላቤን አዩ። እርስዎን በሕይወት አላገኙዎትም፤ ግን ገባቸው። «አዎ ልጄ፣ ነፋስ አለ» አሉ። ዞር ብለው ጋቢያቸውን አወለቁ፤ እኔም ከኋላ ኮቱን ያዝኩላቸው።

እንግዲህ ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። ከጎናቸው ተቀምጬ አብሬያቸው በላሁ። ጥርስ የላቸውም፤ ቀስ ብለው ነው የሚበሉት። እጃቸውን እስኪሰበስቡ እኔም አልሰበሰብኩም። እትዬ አስካለ መጥተው ውሃ ቀዱልኝ። ኮቱን አዩት፤ አልፈው ሊሄዱ ዞሩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ግን ቆም አሉና «ያምሃል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አያመኝም» አልኳቸውና ብርጭቆውን በሁለት እጄ ያዝኩት።