የእንኳን ደስ ያለሽ ትሪ

ጓደኛዬ የውብዳር የኢንፌክሽን ነርስ ሆና የተሾመች ዕለት እልል ያልኩት እኔ ነኝ። በነርሲንግ ሆም ኮሪደር ውስጥ እልል እንደማይባል አውቃለሁ። ሚስተር ኦልሰን የሚባሉት የሰማንያ ስምንት ዓመት ዓሣ አጥማጅ የእሳት ደወል መስሏቸው ከነተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ መውጫው ገሰገሱ። ግን እንዴት ዝም ልበል? ከእኛ ከጋሪ ገፊዎቹ መካከል አንዷ ቢሮ ገባች!

ጊዜው በፈረንጆቹ 2012፣ ጥር ላይ ነው። እኔ ማንአልሞሽ፣ ዋይት ሴንተር ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ሲኤንኤ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹን የማነሳ፣ የማጥብ፣ የማለብስ፣ የማበላ። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሰባት የኢንፌክሽን ነርስ ሸኝቻለሁ። የኢንፌክሽን ነርስ ማለት በሽታ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመት የምትጠብቅ ናት፤ ማንን አተኮሰው፣ ማንን አሳለው፣ ማን እጁን ሳይታጠብ ወጣ እያለች የምትከታተል። ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። በተግባር ግን ክትባቱም የእሷ፣ አዲስ ሠራተኛ ማሠልጠኑም የእሷ፣ ቁስል ማየቱም የእሷ ነው። አንዲት ነርስ ከቀረች ደግሞ የመድኃኒት ጋሪ ይዘሽ ዙሪ ትባላለች። ስለዚህ ይሄዳሉ። አንዷ ሦስት ወር ሠርታ ሆስፒታል ተቀጠረች፣ አንዷ ፖርትላንድ ሄደች፣ አንዷማ ምሳ ልብላ ብላ እንደወጣች ቀረች። የቢሮው በር ላይ ስማቸው በፕላስተር እየተጻፈ አንዱ በአንዱ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ፕላስተሩ ወፍሮ ወፍሮ በሩን ቁስለኛ አስመስሎት ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ መሄዳቸው ብቻ አይደለም። እያንዳንዷ አዲስ ማኅደር ትከፍታለች፤ ሦስት ወር ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ገጽ ነው። የምትቀጥለዋ እንደገና ከሀሁ ትጀምራለች። ከሹመቷ በፊት በነበረው ዓመት፣ ቢሮው ሰው አልባ በነበረበት ሰሞን፣ የሆድ በሽታ ገብቶ አራት አልጋ ባዶ አስቀረ። አራቱንም በእጄ አጥቤ አውቃቸዋለሁ። እና የውብዳር ስትሾም የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህቺ ሴት እንዳትሄድብን።

የውብዳርን ከሲኤንኤነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ሁለታችንም ከምንኖርበት ከቱክዊላ በአውቶብስ ስትመጣ የነርስነት መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አንቀላፋለሁ። አጭር ናት፤ ስትራመድ የምትሮጥ ትመስላለች፤ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ መልሳ ትፈልገዋለች። ፈተናውን አልፋ ነርስ ስትሆን እኔ እዚያው ቀረሁ። ቀናሁ ወይ? ትንሽ። ኩራቴ ግን ይበልጥ ነበር።

ሹመቷን ማክሰኞ ዕለት በምሳ ሰዓት አከበርን። እኛ ሐበሾቹ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ሰኪና ሙስሊም ስለሆነች ሥጋ አናመጣም፤ ማንም እንዳይለይ ብለን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን ነው። የእረፍት ክፍላችን ውኃ የለውም። በሩ ላይ የእጅ ጄል ተሰቅሏል፤ ጫን፣ እሽት እሽት፣ ከዚያ ወደ ትሪው። የዚያን ቀን ትሪውን አሥር ሆነን ከበብነው። ተሿሚዋን ሁላችንም አጎረስናት። እሷም በተራዋ ዞራ አጎረሰችን፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት! መልከጸዴቅ፣ ምሰሶ የሚያህለው ጓደኛችን፣ አፉን እንደ ጫጩት ከፍቶ ሲጠብቅ በሳቅ ሞትን።

ሐሙስ ጠዋት እኔ ቱክዊላ ቤቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነበርኩ። ምን እንደወጣኝ አልናገርም። መልከጸዴቅም ቤቱ ወድቋል። ዓርብ ስምንት ሠራተኛ ታሞ ከሥራ ቀረ፤ ከነዋሪዎቹም መታመም ጀመሩ። በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ፤ የውብዳር ናት።

«ማንአልሞሽ፣ ሰኞና ማክሰኞ የትኞቹ ክፍሎች ሠራሽ? ምን ምን በላሽ?»

«አንቺ ሴት፣ አንጀቴ ሊወጣ ደርሷል፣ ስለ ምግብ ኮል ታደርጊልኛለሽ?»

«ሶሪ። ግን ንገሪኝ፣ በሰዓት በሰዓቱ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከሰባቱ አንዷም ደውላ አታውቅም! የማስበው ሁሉ «ይህቺስ ሥራው ገብቷታል» የሚል ነበር፤ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ተመለስኩ።

ሰኞ ድኜ ስገባ ቢሮዋ ሌላ ቤት ሆኗል። ግድግዳው በሙሉ ወረቀት ነው፤ ስም፣ ክፍል፣ ቀን፣ ሰዓት። ስምንት ሠራተኛ፣ አሥራ አንድ ነዋሪ። ከነዋሪዎቹ መካከል እማማ አጸደ አሉበት፤ በቤቱ ውስጥ ብቸኛዋ ኢትዮጵያዊት፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው። ወደ ቢሮው ስመጣ ከንፈራቸው ደርቆ ትራሳቸው ላይ ተኝተው አይቻቸዋለሁ። የቢሮው ወለል ላይ ደግሞ ከቁም ሣጥን ጀርባ የወጣ ካርቶን አለ፤ የሰባቱም ሴቶች ማኅደሮች። የውብዳር ቅዳሜና እሁድ ሁሉንም አንብባቸዋለች።

«እዪ!» አለችኝ፤ ዓይኗ ያበራል። «ሦስተኛዋ ከሁለት ዓመት በፊት በቀይ ጽፋዋለች። ይሄን የሆድ ቫይረስ ጄል አይገድለውም፣ ሳሙናና ውኃ ነው የሚያስለቅቀው። ያስመለሰው ሠራተኛ ካቆመለት በኋላ አርባ ስምንት ሰዓት አይግባ። ሁሉም እዚህ ነበር፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።»

«ታዲያ ማን አመጣብን? መልከጸዴቅ የኪችኑ ሾርባ ነው ይላል።»

«ኪችን ውስጥ አንድም ሰው አልታመመም። የታመማችሁት ሁለተኛው ክንፍ ላይ ያላችሁ ናችሁ፤ ከሰኪና በስተቀር። ለምን ሰኪና ብቻ ቀረች? እሱን ካገኘሁ አገኘሁት!»

ሰኪና በዚያ ሳምንት የስንቱን ሺፍት ደራርባ እንደሠራች እግዜር ይወቀው። ጠራናትና መጣች፤ የውብዳር በጥያቄ አጣደፈቻት። የት ሠራሽ፣ ማንን አነሳሽ፣ ምን ነካሽ። ሁሉም ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሌባ ልንይዝ የደረስን ያህል ነበር።

«ማክሰኞ ምሳስ?» አለች የውብዳር።

«አልበላሁማ» አለች ሰኪና። «በረመዳን ያመለጠኝ ጾም፣ ቀዳ፣ ነበረብኝ፤ ጾሜ ነበር። እናንተ ስትጎራረሱ ቁጭ ብዬ አይደል የሳቅኩባችሁ?»

ትሪው! እኔ «አገኘነው!» ብዬ ጠረጴዛውን በጥፊ መታሁት። የውብዳር ግን አልጮኸችም። በጣቷ መቁጠር ጀመረች። ከትሪው በፊት በነበረው ቅዳሜ ልጇን ፋኑኤልን ሲያስመልሰው ነበር። እሁድ ማታ አራት ሰዓት ላይ እሷንም አንዴ አስመለሳት። ሰኞ ኦፍ ነበረች፤ ደህና ሆነች። ማክሰኞ በሰባት ሰዓት አጎረሰችን።

«ሠላሳ ዘጠኝ» አለች። «ከአርባ ስምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ጎድሎኛል።» ከዚያ እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዝዛ ከዝርዝሩ አናት ላይ፣ ከሁላችንም በላይ፣ የራሷን ስም ጻፈች።

«ሰርዢው» አልኳት። በቁጣ ነው ያልኳት። «ማን ያውቃል? ትሪው ነው ብለሽ ብቻ ተናገሪ፤ ከማን እንደመጣ ማን ይጠይቅሻል?»

«ሰባቱ ማኅደሮች ላይ የሚጎድለው እኮ ይሄ ነው፣ ማንአልሞሽ። እውነቱን አጎድዬ እኔም ስምንተኛ ልሁን?»

እኔ ይበልጥ ተናደድኩ። እሷ ደግሞ በዚያው ትንፋሽ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ከሹመቷ በፊት ያመለከተችበት፣ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ቦታ ሰጥቷታል። ዓርብ በሰባት ሰዓት ደውለው መልሷን ይቀበላሉ። «ነገ ለሁሉም ከተናገርኩ በኋላ ዓይናችሁን ማየት ከቻልኩ ነው የምቆየው» አለችኝ። ደስታዬ ሁሉ በአንዴ ሟሸሸ።

ማክሰኞ ሠራተኛው በሙሉ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰበ። የውብዳር ከፊታችን ቆማ አንድም ሳትሸሽግ ተናገረች። በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። መልከጸዴቅ ተነሳ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ለክብርሽ ብለን አጎረስንሽ፤ አንቺ በሽታ አጎረስሽን። ጠባቂያችን አንቺ ነሽ፣ አይደል? ኦኬ!» ብሎ ጥሎ ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ብሎ ኪችኑን ሲያማ የከረመው ሰውዬ እሱ ነበር እኮ!

ሥራ አስኪያጃችን ሎሬይን አልተቆጣችም። በደከመ ድምፅ፣ «ታዲያ የመጨረሻ ቀንሽ መቼ ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት። ለምዳዋለች።

«ዛሬ አይደለም» አለች የውብዳር። «ዛሬ የማስታጥበው ሰው አለኝ።»

ከዚያ የሆነውን ሳስታውስ ዛሬም ይሞቀኛል! አልጋ ላይ ያሉት ሰዎች መታጠቢያው ድረስ ስለማይደርሱ፣ ከምግብ በፊት ጄል ነበር የምንቀባቸው። የውብዳር ከዋይት ሴንተር ሱቅ የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ገዝታ፣ የወረቀት ፎጣ በክንዷ አንጠልጥላ፣ ልክ እንደ አገር ቤት ክፍል ለክፍል ማስታጠብ ጀመረች። ሳሙና፣ ሃያ ሰከንድ ማሸት፣ ለብ ያለ ውኃ። እኔ ሳፋውን እይዛለሁ፣ ሰኪና ከኋላችን በበረኪና የበር እጀታ ትወለውላለች። ሚስተር ኦልሰን እጃቸውን እንደ ንጉሥ ዘረጉልን፤ በማግሥቱ ከምሳ በፊት በር ላይ ጠበቁን!

እማማ አጸደ ጋ ስንደርስ ቀና ብለው ተቀምጠዋል፤ ሾርባ ይዘዋል።

«እማማ፣ እጅዎን ላስታጥብዎት» አለች የውብዳር።

«እሰይ! እጅ እንዲህ ነው የሚታጠበው። ያኛው ቅባት ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ክንዴን ስቀባው ኖርኩ።» ውኃው ሲወርድላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንቺ ደግሞ እንደነዚያ ሹልክ እንዳትዪ። ስም መሸምደድ ሰለቸኝ።»

የውብዳር ሳቀች እንጂ ቃል አልሰጠቻቸውም። እኔ ልብ ብያለሁ።

ረቡዕ ሁለት አዲስ ታማሚ፣ ሐሙስ አንድም የለም። ዓርብ ጠዋት ደግሞ ባዶ! ማንም አልሞተም፤ የታመሙት ነዋሪዎች ሁሉ አልጋቸው ላይ አሉ። ከቢሮ ቢሮ እየሮጥኩ ለማን እንደምናገር ጠፋኝ። ሆኖም ከማክሰኞ ወዲህ ከመልከጸዴቅ ወገን ማንም አላናገራትም። ምሳዋን ቢሮዋ ውስጥ ለብቻዋ ነበር የምትበላው። ዓርብ ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ጃኬቷን ለብሳ፣ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ ውጭ ልቀበለው ብላ ስትወጣ አየኋት። መንገዷ በእረፍት ክፍላችን በር ነው።

በሩ ላይ መልከጸዴቅ ቆሟል። በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው ሳፋ። ከጀርባው ትሪ የለም፤ አሥር ሳህን ተደርድሯል፣ እያንዳንዱ ላይ ስም ተጽፎበታል። የእሷም ስም አለ።

«ነይ ታጠቢ» አላት፤ ወለል ወለሉን እያየ።

የውብዳር ቆመች። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ዘረጋች፤ እሱም አፈሰሰላት። ሳሙናውን አረፋ በአረፋ እንዳደረገችው ስልኳ ኪሷ ውስጥ ጮኸ።

ልክ ሰባት ሰዓት። ማን እንደሆነ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ወደ እኔ ዞር አለች፤ አጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ሰድጄ ላወጣላት እችል ነበር። በሕይወቴ ስልክ ሲጮህ ዝም ብዬ አላውቅም። ያን ቀን ክንዴን አጣጥፌ ጣሪያውን አየሁ።

«ቆይ መልኬ፣ አንዴ...» ብላ እጇን ልታራግፍ ስትል፣ መልከጸዴቅ ማንቆርቆሪያውን ወደ ራሱ ሳበው።

«ኖ ኖ። ሃያ ሰከንድ አልሞላም። ራስሽ ነሽ ያልሽው። እሺ፣ ቀጥዪ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ሳቀች፣ አለቀሰችም፣ እጇን ግን ማሸቷን አላቆመችም። ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። መልከጸዴቅ ውኃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰላት፤ ፎጣ ሰጣት፤ ስሟ ያለበትን ሳህን አቀበላት። ገብታ ተቀመጠች። ያን ስልክ መልሳ አልደወለችም።

እኔ በ2018 ጉልበቴ አልችል ብሎ ከዚያ ቤት ስወጣ፣ በሯ ላይ ያለው ፕላስተር ቢጫ ሆኖ ጫፉ ተልጧል። ስሟ ግን ይነበባል። በላዩ ላይ ሌላ አልተለጠፈበትም።