«ይቅር» የምትለው ቃል

የፊደል ቅርጽ ጥበብ በምንማርበት ክፍል፣ አብረውን የሚማሩ አንድ ሽማግሌ ሁልጊዜ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን በቀለም ቢጨማለቁ ደንታ የላቸውም። እኛ ጋዜጣና ብጣሽ ጨርቅ ስንለጥፍ፣ እሳቸው አሮጌ የደብዳቤ ፖስታ ከነቴምብሩ ሸራ ላይ ይለጥፋሉ። በላዩ ላይ በወፍራም ብሩሽ አንዲት ቃል ብቻ ይጽፋሉ፦ «ይቅር»። አንዴ አጥብበው፣ አንዴ ለጥጠው ይጽፏታል፤ ምኗ እንደማይጥማቸው እንጃ፣ መልሰው ይደልዟታል።

ዛሬ መምህራችን ከጀርባቸው ቆማ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ የሚጠይቁት ማንን ነው?» አለቻቸው።

ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነከሩ።

«ይቅርታ እንኳ አይደለም፣ ልጄ። እናቴ ‹ልምጣና ልይህ› ብላ በጻፈችልኝ ቁጥር፣ ‹መንገዱ ያደክምሻል፣ ይቅር› እላት ነበር።»

ውሃውን እስኪጠቁር በብሩሹ አማሰሉት።

«የሁለት ሰዓት መንገድ እኮ ነው።»